እናቴ ሐሙስ ሐሙስ

ተመርቄ ቺሮ የገባሁት ሐሙስ ቀን ነው። ሐሙስ መሆኑ ትዝ የሚለኝ እናቴ መናኸሪያ ስላልመጣች ነው። ሻንጣዬ ከሚኒባሱ ጣራ ላይ እስኪወርድ ቆሜ ዞር ዞር እያልኩ አየሁ። አብረውኝ የመጡትን ልጆች እናቶቻቸው እልል እያሉ አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙባቸው፤ አንዷማ ልጇን ጋዋኑን እዚያው አቧራው ላይ አስለበሰቻት። እኔን የተቀበለኝ ባጃጅ ነጂ ነው።

ምርቃቴ ላይም አልመጣችም። "የገለምሶ ገበያ ነው" አለችኝ በስልክ። እናቴ ሰልባጅ ትሸጣለች፤ ቺሮ ገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አላት፣ በገበያ ቀን ደግሞ ገለምሶ ወይ በደሳ ትወርዳለች። ገበያ አንድ ቀን ቢቀር ምን ይሆናል ልላት ፈልጌ ዋጥ አደረግኩት።

ቤት ስደርስ በሩ ተቆልፏል። በራችን ፊት ለፊት ጫት የምትሸጠው፣ ሰፈሩ ሁሉ አዴ የሚላት ሴትዮ እስሮቿን ውሃ እያርከፈከፈች ነበር። "ዛሬ'ኮ ሐሙስ ነው" አለችኝ፣ ሐሙስ ማለት ምን እንደሆነ የማላውቀው እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስል። ሐሙስ ከሰዓት እናትሽ ሚሲዮን ናት፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ አረፍ በይና ጠብቂያት አለችኝ። ስለ ምርቃቴም እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ፤ ግን ይህን ስትል የምታየው ጫቱን ነበር እንጂ እኔን አልነበረም። የዚያን ቀን ስድብ መሰለኝ።

መጠበቅ አልችልም። ሻንጣዬን እሷ ጋ አስቀምጬ ካቶሊክ ሚሲዮኑ ግቢ ሄድኩ።

ቺሮ ውስጥ ካቶሊክ ማለት እፍኝ የማይሞላ ሰው ነው። አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው፣ ከተማው ላይ የቆዩ የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች አሉ፣ እኛ ደግሞ እንደ አባቴ ከከምባታ ለንግድ መጥተው የቀሩ ጥቂት ቤተሰቦችና ጡረታ የወጡ የሚሲዮን ሠራተኞች ነን። እሁድ ቅዳሴ ላይ እናቴ የምትቀመጥበት ወንበር የታወቀ ነው፣ የምትተኛበትም ጭምር። አባቴ እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ከሞተ ጀምሮ እሁድ ብቸኛ የእረፍት ቀኗ ስለሆነ ስብከቱ ሲጀመር ዓይኗን ትከድናለች። ሃይማኖተኛ የምትባል ሴት አልነበረችም። መቁጠሪያ አላት፣ ጾሟን ትጾማለች፣ በቃ።

ስለዚህ የግቢው በር ላይ ስደርስ የሰማሁትን ጩኸት ከእናቴ ጋር አላያያዝኩትም። ሰው የሞተ ነው የመሰለኝ።

ጩኸቱ ከመዋለ ሕፃናቱ ክፍል ነው። ገባሁ። ግድግዳው ላይ ሀ ሁ ሂ እና የብርቱካንና የሙዝ ሥዕል አለ፣ ወለሉ ላይ የሕፃናት ወንበር ተበትኗል፣ በወንበሮቹ መሃል ትልልቅ ሰዎች እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይንቀጠቀጣሉ። አንዱ በማላውቀው ቋንቋ ያወራል፤ እሱም የሚያውቀው አልመሰለኝም። ጥግ ላይ ኪቦርድ የሚነካ ሰው አለ። መሃል ላይ አንድ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ ሰውዬ ማይክ ይዞ "ልቀቂው እህቴ፣ ልቀቂው፣ ለጌታ ልቀቂው" ይላል። እህቴ የሚላት እናቴን ነው። በግንባሯ ወለሉ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፣ አባቴ ሲሞት እንኳን። አንዲት ሴትዮ እግሯ እንዳይታይ ነጠላ ትጎትትላታለች። ጫማዋ ወልቆ የአንዱ ሕፃን ወንበር ሥር ገብቷል፣ ካልሲዋ ተረከዙ ላይ ተቀዷል። የማስታውሰው ካልሲውን ነው። የሰው ልብስ ሁሉ የምትጠግን ሴትዮ የራሷ ካልሲ ተቀዶ አደባባይ ተደፍታለች ብዬ አፈርኩባት።

ወጥቼ የውሃ ታንከሩ ጋ ቆሜ ጠበቅኳት። ስትወጣ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከጀርባዋ ላይ ጆንያ የወረደላት ሰው መስላ ነው የወጣችው። አየችኝ፣ አቀፈችኝ፣ "ከስተሻል" አለችኝ።

ምንድነው ይሄ አልኳት። ጸሎት ነው አለችኝ። ካሪዝማቲክ ነው የሚባለው፣ አባም ፈቅደውታል፣ ከካቶሊክ አልወጣንም፣ መጀመሪያ መቁጠሪያ እንደግማለን። ይህን ሁሉ ሳልጠይቃት ነገረችኝ፤ ብዙ ሰው እንደጠየቃት ገባኝ።

ሰፈሩ ስም አውጥቶላት ነበር። "ጴንጤዋ" ነው የሚሏት። ዕድራችን የሰፈር ዕድር ነው፣ ከዳኛው ጀምሮ አብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው፣ ለእነሱ ካቶሊክ ራሱ በግድ የሚታለፍ ነገር ነው፤ ካቶሊክ ሆኖ በኪቦርድ እየዘለለ ሃሌሉያ የሚል ሲጨመርበት ቀልድ ሆነላቸው። ውሃ ስቀዳ አንዷ የዕድሩ ሴት "እናትሽ በልሳን ነው አሉ የምትናገረው፣ እስቲ የሰልባጁን ዋጋ በልሳን ትንገረን" አለችኝ፤ ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ያስቃል።

በዚያ ሰሞን ሥራ የለኝም። ጠዋት ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳ አያለሁ፣ ከሰዓት እናቴ ላይ አፈጥጣለሁ። ሰው ለምን እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ይገባል የሚለውን ጥያቄ ለብቻዬ መርምሬ መልሱን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። የሐሙሶቹን ሰዎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፣ ቺሮ ትንሽ ከተማ ናት። ነጠላ ትጎትት የነበረችው ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ልጆቿ ድሬዳዋ ናቸው፣ ለገና ራሱ አይመጡም። በማያውቀው ቋንቋ የሚያወራው ሰውዬ ሚስቱ ጥላው በደሳ ከአንድ የቡና ነጋዴ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ ነው ልሳን የወረደለት። ከፊት የምትዘምረው አስተማሪ ባል ትፈልጋለች፣ ይህን እሷም አትክድም። ማይክ የያዘው መሪያቸው ባንክ ቤት ይሠራል፤ መስኮቱ ጋ ተሰልፈሽ ስትጠብቂው ቀና ብሎ የማያይሽ ሰው ሐሙስ ሲሆን "እህቴ" እያለ እጁን ጭንቅላትሽ ላይ ይጭናል። ቤታቸው የሚሰማቸው ያጡ ሰዎች በድምፅ ማጉያ ይሰማማሉ ብዬ ደመደምኩ። አሁንም ሙሉ በሙሉ ተሳስቻለሁ አልልም።

አባን አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁሜ ይሄን ነገር ለምን ፈቀዱ አልኳቸው። ወጣት ቄስ ናቸው፣ ከሌላ አገር ሰው ጋር የሚያወሩ ይመስል ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ጸሎቱን አልከለክልም አሉኝ፤ እኔ ቅዳሴ ላይ የማላያቸው ሰዎች ሐሙስ ይመጣሉ። "ኪቦርዱን ግን እኔም እጠላዋለሁ" ብለው ሄዱ።

የእናቴ ምክንያት ደግሞ ግልጽ ነበር፣ ለእኔ። ወንድሜ ነው። ከእኔ ያንሳል፣ አሥረኛ ክፍል ላይ አቁሞ ከአንድ የሰፈር ልጅ ጋር በሚኤሶ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ወደ ሳውዲ ለመሄድ የወጣው እኔ ሦስተኛ ዓመት እያለሁ ነው። መጀመሪያ ከጅቡቲ መንገድ አንዴ ደወለ። ከዚያ ዝም። እናቴ በስልክ ስጠይቃት "ሰው እየጠየቅን ነው፣ አንቺ ትምህርትሽን ያዢ" ትለኛለች። እቤት ከመጣሁ በኋላ ደግሞ የባንክ ቤቱ ሰውዬ እጁን ጭኖባት "ልጅሽን ውሃ ዳር አየሁት፣ ይመለሳል" ብሎ እንደተነበየላት ነርሷ ነገረችኝ። በቃ፣ ገባኝ። ልጇ የጠፋባት ሴት፣ ይመለሳል የሚል ሰው አገኘች፣ ተደፋች። ሰውዬውን ጠላሁት። አንድ ማታ እራት ላይ ጅቡቲ ውሃ ዳር ያልሆነ ቦታ ካለ ያሳየኝ አልኳት። እናቴ ሽሮዋን ጠርጋ በላች።

እኔን የቆረቆረኝ ሌላ ነገር ነው። ሰፈሩ እኔን የሚያየኝ ዓይን ትክክል አልነበረም። እንኳን ደስ አለሽ ይሉኛል፣ ከዚያ ወሬ ይቀይራሉ። አዴ ምሳ ካልበላሽ ትለኛለች። የዕድሩ ዳኛ ሱቅ በገባሁ ቁጥር ሽማግሌው ሚዛናቸውን ይነካካሉ። ደብቀውኝ የሚያወሩት ነገር እንዳለ ሲገባኝ አንድ ቀን ከሰዓት ሱቃቸው ገብቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ የሚነገረኝ ነገር ካለ አሁን ይንገሩኝ" አልኳቸው። "የሞተ ሰው አለ?"

"የኔ ልጅ፣ እንዲህ አይጠየቅም" አሉኝ።

"ጠየቅኩ'ኮ።"

ተቀመጪ አሉኝ። አልቀመጥም አልኩ። መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ ሰው ሳይነጋ ሰብሰብ ብሎ ይመጣል፣ የሚደግፍ ሰው ይኖራል፣ ሌሊቱን ባለሐዘኑ በልቶ እንዲያድር ይደረጋል። ሽማግሌው እኔን በከሰዓት ፀሐይ፣ ስኳር የሚገዛ ሰው ከኋላዬ ቆሞ እየጠበቀ፣ በሩ ላይ እንደቆምኩ ነገሩኝ። ሌላ ምርጫ አልሰጠኋቸውም። ወንድሜ ሞቷል። አብሮት የሄደው ልጅ ተመልሶ ሚኤሶ ነው ያለው፣ የነገራቸውም እሱ ነው። ካወቁ ዓመት አልፏቸዋል።

ዓመት? አልኳቸው።

ምርቃትሽን ነበር የምንጠብቀው አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ መክሮበት ነው፤ ልጅቷ ትጨርስ፣ ፈተና ላይ ናት፣ አሁን ብታውቅ ታቋርጣለች ተብሎ። ከተመረቅኩ በኋላ ደግሞ እናትሽን እንዴት እናርዳት አሉኝ፤ ይመለሳል ብላ አምናለች፣ ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ወለል ላይ ተደፍታ ለልጇ ትጸልያለች፣ እንዲህ ያመነ ሰው ይሞትብናል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ሱቁ በር ላይ ቆሜ የተናደድኩት በሞቱ አልነበረም፤ ሞቱ ገና አልደረሰኝም። የተናደድኩት እኔ አዳራሽ ውስጥ ፎቶ ስነሳ ሙሉ ሰፈር እያወቀ ፎቶዬን ጠብቆ መቀመጡ ነው።

በማግስቱ ሚኤሶ ወረድኩ። ከቺሮ ሚኤሶ ሲወረድ አየሩ መንገድ ላይ ይቀየራል፣ ከግማሹ በኋላ የሚኒባሱ መስኮት ቢከፈትም የሚገባው ሙቀት ነው። ልጁ አውራ ጎዳናው ላይ ጎማ ቤት ይሠራል፤ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች የሚቆሙበት ነው። ከወንድሜ ጋር አብሮ ያደገ ልጅ ነው፣ ቤታችን ብዙ ቀን በልቷል። ሲያየኝ መፍቻውን ጣለ። እጄን አልጨበጠም፣ ግሪሱን አሳየኝ።

አጠገቡ ያለ ጎማ ላይ ተቀምጬ ንገረኝ አልኩት። ነገረኝ። ከደላላው ጋር ሌሊት ሌሊት ይሄዱ ነበር፣ ቀን ድንጋይ ሥር ይተኛሉ። ጅቡቲ ውስጥ ጥቁር ድንጋይ ብቻ የሆነ ቦታ አለ፣ ዛፍ የሚባል የለም። ደላላው ውሃ አለ ያለበት ቦታ ውሃ አልነበረም። ወንድሜ ጠዋት ላይ መነሳት አቃተው። ደላላው አይጠብቅም። "አቦ፣ እኔ ጠበቅኩት" አለኝ፣ "ሌሎቹ ሄዱ። እስኪያልቅ ድረስ ጠበቅኩት። ከዚያ ድንጋይ ደረደርኩበት፣ መቆፈር አይቻልም፣ ድንጋይ ነው።" በማግስቱ የጅቡቲ ወታደሮች አግኝተው መለሱት። አላህ ይማረው አለና መፍቻውን አነሳ።

የጎማ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሚስማር ላይ ጃኬት ተሰቅሏል። ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። የወንድሜ ነው፣ እናቴ ከቦንዳ መርጣ የሰጠችው፣ አንገቱ በውስጥ በኩል ተበልቶ በእኔ የድሮ ዩኒፎርም ቁራጭ የለበጠችለት። ልጁ ዓይኔን ተከትሎ አየ። ሌሊቱ ይበርዳል አለኝ። ለሱ ምን ያደርግለታል ብዬ ነው፣ አለኝ። ውሰጂው አለኝ። አልፈልግም አልኩት።

ከዚያ ሳልጠይቀው ሌላ ነገር ጨመረ። እንደተመለሰ ሰሞን፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ያን ጃኬት ለብሶ ቺሮ ገበያ ውስጥ ሲያልፍ ከእናቴ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። መሸሽ ፈልጎ ነበር። እናቴ መጣችና ኮሌታውን ያዘች። ወደ ውጭ ገለበጠችው። የራሷን ስፌት በጣቷ ዳሰሰች። መልሳ ገልብጣ አስተካከለችለት፣ እንደ ደንበኛ።

"'ጥሩ ጃኬት ነው' አለችኝ" አለ። "ሌላ ምንም። ወላሂ አልነገርኳትም። አልጠየቀችኝም።"

ወደ ቺሮ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የሐሙሱን ነገር መልሼ አሰብኩት። እናቴ ጸሎት ጀመርኩ ብላ በስልክ የነገረችኝ፣ እኔም ቅዳሴ ነው ብዬ ያለፍኩት፣ ከዚያው ጥምቀት ጥቂት ሳምንት በኋላ ነው። የባንክ ቤቱ ሰውዬ የተነበየላት ከዚያ በኋላ ነው። በእሱ ትንቢት አይደለም የገባችው።

ሱቅ ስደርስ ቦንዳ ፈታ ልብስ እየለየች ነበር፣ የወንድ ሸሚዝ ለብቻ፣ የሕፃን ለብቻ። ደንበኛ አልነበረም።

"ታውቂ ነበር" አልኳት።

ማጠፏን አላቆመችም። "ማን ነገረሽ?"

"ልጁ። ሚኤሶ ሄጄ።"

"ጃኬቱን ሰጠሽ?"

"ልስጥሽ አለኝ። እንቢ አልኩት።"

"ይልበሰው" አለች። "ጥሩ ጃኬት ነው።"

ጮህኩባት። ዓመት ሙሉ በየማታው እየደወልኩ፣ ዓመት ሙሉ ሰው እየጠየቅን ነው እያልሽ፣ አልኳት። ወንድሜ ነው አልኳት፣ ላንቺ ብቻ አይደለም የሞተው። እጄ ላይ የነበረውን ሸሚዝ ወርውሬ መሬት ጣልኩት። አንስታ አራግፋ አጠፈችው።

"አንቺ ብታውቂ ጥለሽ ትመጫለሽ" አለችኝ። "ትዕግስት የለሽም፣ አውቅሻለሁ። ሁለታችሁንም በአንድ መንገድ ላጣ?"

"ምርቃቴ ላይስ ለምን አልመጣሽም?"

"እዚያ ማልቀስ ብጀምር ማቆም አልችልም። ሰው የደስታ ነው ይል ነበር፣ መጀመሪያ። ከዚያስ?"

ከዚያ ሐሙስን ነገረችኝ። ልብሷን እየለየች፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ። እዚህ ባለቅስ አዴ ትሰማለች፣ አለች። አዴ ከሰማች ሰፈሩ ይሰማል፣ ሰፈሩ ከሰማ ድንኳን ይተከላል፣ ድንኳን ከተተከለ አንቺ ትመጫለሽ። ቅዳሴ ላይ ማልቀስ አይቻልም፣ ሁሉም ጸጥ ብሎ ነው የሚንበረከከው፣ አንዲት ሴት ብትነፋረቅ አንገቱን ያዞራል።

"እዚያ ግን ሁሉም ይጮሃል" አለችኝ። "ተደፍተሽ ብትጮኺ ማንም ለምን አይልሽም። ነጠላ ያለብሱሻል፣ ውሃ ያጠጡሻል፣ መንፈስ ነካት ይላሉ። ይበሉ።"

"ሰውዬው ግን ይመለሳል አለሽ'ኮ።"

"እሱ ይበል። እኔ ጃኬቱን አይቻለሁ።"

ሰፈሩ ከእኔም ከእሷም ሲደብቅ፣ እሷ ከእኔም ከሰፈሩም ስትደብቅ፣ አዴ በር ላይ ጫት እያርከፈከፈች ለእሷ ስታዝን፣ እሷ ደግሞ አዴ እንዳትሰማ አፏን በትራስ ስታፍን ነው ዓመቱ ያለቀው። እንዲህ ያለ ሥራ የምንሠራው እኛ ብቻ ነን መሰለኝ። ፍቅር ነው ይላሉ። እኔ ምን ስም እንደምሰጠው አላውቅም።

"አሁን ሂጂና ለዳኛው ንገሪያቸው" አለችኝ። "ይምጡ፣ በወጉ ያርዱኝ። እንደማያውቅ ሰው እቀመጣለሁ።"

መጡ። ጎህ ሳይቀድ መጡ፣ እንደ ደንቡ። ሽማግሌው ከፊት፣ ሦስት አራት ወንዶች ከኋላ፣ እናቴ ራሷን እንዳትጎዳ የሚይዟት ሁለት ጎበዝ ጎበዝ ሴቶች፣ አዴም ሙስሊም ብትሆንም ውሃ በጆግ ይዛ። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ያን ማድረግ አልነበረባትም፤ ማንም ሳይነግራት የሐዘን አለባበስ ለብሳ ጠበቀቻቸው። ሽማግሌው ይህን አይተው ቃላቸው ተምታታ። ቢሆንም ነገሯት። ሁለቱ ሴቶች ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ።

የሚያዝ ነገር አልነበረም። እናቴ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ አልወጣም። ሞከረች፤ አይቻታለሁ፣ ለእነሱ ብላ ሞክራለች። ደረቷን አንዴ መታች፣ እጇ ጭኗ ላይ ወደቀ። ሴቶቹ እጃቸውን እንደዘረጉ ተያዩ። እኔ ጮህኩ። ግማሹ ለወንድሜ ነው፣ ግማሹ አንድ ሰው መጮህ ስለነበረበት ነው።

ድንኳን ተተከለ። የሰው ጭካኔ ደግሞ ድንኳን ውስጥ በደንብ ይታያል፣ ሰው ሥራ ፈትቶ ስለሚቀመጥ። የሚመጡት ሴቶች ከበሩ ጀምረው እያለቀሱ ይገባሉ፣ እናቴ ፊት ሲደርሱ ድምፃቸውን ይጨምራሉ፣ ዓይኗ ደረቅ መሆኑን ሲያዩ ቅር ይላቸዋል። አንዷ ትከሻዋን ይዛ ነቀነቀቻት፣ "አልቅሺ እንጂ፣ ልጅሽ ነው'ኮ" እያለች። ውሃ ቦታ ላይ የቀለደችብኝ ሴትዮ ንፍሮ ሳዞር እንድሰማት አድርጋ ለጓደኛዋ "እንባዋን እዚያ ጴንጤዎቹ ጋ ጨርሳው ነው የመጣችው" አለች። ለስድብ ነው የተናገረችው። ልክ መሆኗን አታውቅም። ሳህኑን ጭንቅላቷ ላይ ልደፋ ስል እናቴ ከተቀመጠችበት አየችኝና ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ተውኩት።

በሁለተኛው ቀን የሐሙሶቹ ሰዎች መጡ። ኪቦርዱን ይዘው ነበር፣ የዕድሩ ሰዎች በር ላይ አስቀሩት። የባንክ ቤቱ ሰውዬ እናቴ አጠገብ ተቀመጠ። ስለ ትንቢቱ ምን ይላል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። ትንሽ አጽናናት፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ እኔ ልኮ አንዳንዴ ቤት ውስጥ የማያምን ሰው ሲኖር የጸሎት መልስ ይታገዳል አለ።

"ወንድሜ የሞተው አንተ አየሁት ከማለትህ በፊት ነው" አልኩት። "ታዲያ ምኑን አገድኩት?"

መንገዱ የእርሱ ነው አለኝ። ዳኛው ከዳር "እዚህ ድንኳን ውስጥ አይሰበክም" አሉና ነገሩን ዘጉት።

ሠልስቱ ረቡዕ አለቀ። ወጣቶቹ ድንኳኑን ፈታተው ወንበሩን ለዕድሩ መጋዘን ወሰዱ፣ በራችን ላይ የድንኳኑ እንጨት የቆመበት ጉድጓድና ብዙ የንፍሮ ፍርፋሪ ቀረ። በማግስቱ ከሰዓት እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጫማዋን አደረገች። አዲስ ካልሲ አድርጋለች፣ አየሁት። የት ነው አልኳት። ሐሙስ ነው አለችኝ።

ሰፈሩ እያያት ብቻዋን እንዳትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

መቁጠሪያው ተደገመ፣ ተዘመረ። ከዚያ ምስክርነት ደረሰ፤ ሰው እየተነሳ እግዚአብሔር ያደረገለትን በማይክ የሚናገርበት ነው። ነርሷ የጉልበቷን መሰከረች። ሚስቱ የሄደችበት ሰውዬ ሰላም አግኝቻለሁ አለ፣ ባለፈውም ብሎ ነበር አሉ። መሪው "እህታችን የጌታን መጽናናት ትመስክር" ብሎ ማይኩን ለእናቴ ሰጣት።

እናቴ በአደባባይ ተናግራ አታውቅም። ማይኩን እንደ ማንኪያ ያዘችው፣ አፏ ጋ አስጠጋችው።

"ልጄ ሞቷል" አለች። "መጀመሪያ እዚህ የመጣሁ ቀን አውቅ ነበር። መንፈስ አይደለም ያመጣኝ። የማለቅስበት ቦታ አጥቼ ነው።"

"አሜን!" አለ ክፍሉ ሁሉ።

አንድም ሰው አልሰማትም። ምስክርነት ሲያልቅ አሜን ይባላል፣ አሉ። መሪው ማይኩን ከእጇ ወስዶ "እህታችን ተጽናንታለች፣ ክብር ለእርሱ" አለ፣ ኪቦርዱ ተነሳ፣ ሰው እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። እናቴ ሁለት የሕፃን ወንበር ገፍታ ወለሉ ላይ ወረደች፣ ያ ድንኳን ውስጥ እንቢ ያላት ጩኸት ወጣ። ነርሷ እየሮጠች ነጠላ ይዛ መጣች። እኔ የብርቱካኑ ሥዕል ሥር ቆሜ አየኋት። አልተጠጋኋትም፣ መጠጋት የሚፈቀድም አልመሰለኝም።

ስንመለስ መንገድ ላይ አልሰሙሽም'ኮ አልኳት።

"አልሰሙኝም" አለች።

"ታዲያ ለምን ትመለሻለሽ? አሁን ሰው ሁሉ አውቋል፣ እቤትሽ ማልቀስ ትችያለሽ።"

"እቤቴ ማን አለ?" አለችኝ። "ድንኳኑ ፈርሷል። አንቺም ሥራ ስታገኚ ትሄጃለሽ። የት ልሂድ?"

አልሄድም ልላት ነበር። ውሸት ስለሆነ ተውኩት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሱቁ እንዳይዘጋ እኔ ዋልኩበት። ሸሚዝ ሸጥኩ፣ የሕፃን ሹራብ ሸጥኩ፣ አንዲት የዕድር ሴት መጥታ እናትሽ የት ሄደች አለችኝ፣ ታውቂያለሽ አልኳት። ሚሲዮኑ ሩቅ ነው። ከዚያ የሚጮህ ሰው እስከ ሱቃችን አይሰማም።